የመውረድ ተራ

ሳሙላ በገመድ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ በግራ እግሩ ጣቶች ቀዩን ድንጋይ ዳበሰና ክብደቱን ሳይጥልበት ገፋ አደረገው። የጡጫ ያህል ቁራሽ ተገንጥሎ ወደ ታች ሄደ። ሳሙላ ድምፁን ጠበቀ። ቆይቶ፣ ማዕበሉ ወደ ኋላ በተሳበበት ቅጽበት፣ «ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሥር መጣ።

«ትናንት እንዲህ አልነበርክም» አለው ድንጋዩን።

ገደሉን እንደ ገዛ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ደሴቲቱ ገና እሳት በነበረችበት ዘመን ፈስሶ የረጋው ነው፤ ሰው ይሸከማል። ከሥሩ ያለው ቀይ እንደ ተቃጠለ ሸክላ ፍርክስክስ ይላል፤ ሰው ይበላል። ከቀዩ በታች ሌላ ጥቁር፣ ከዚያ ሌላ ቀይ፤ እንዲህ አምስት ጊዜ እየተፈራረቁ እስከ ባሕሩ ዘጠና ክንድ ይወርዳሉ። «ጥቁሩን እመነው፤ ቀዩን ሰላም ብለህ እለፈው፤ እጁን ግን አትጨብጠው» ይለው ነበር አባቱ። አባቱ የወፍ እንቁላል ለቃሚ ነበር፤ እሱም ያው ነው።

መሰላሉን ከጥቁሩ ጉብታ ጋር እንዳይወዛወዝ አጥብቆ አሠረና ወደ ላይ ወጣ። ገመዱ ከዘንባባ ጭገር የተገመደ ጥቁር ገመድ ነው፤ የባሕር ጨው አይበላውም፤ ሟች ሚስቱ ናት የገመደችው። እርከኖቹ መቶ ሃያ ናቸው። ላይኛው ጫፍ ከገደሉ ወገብ ባለው መደብ ላይ በበቀለ፣ ሥሩ እንደ ሸረሪት እግር በተንሰራፋ ዛፍ ግንድ ላይ ተጠምጥሟል። ግን ገመዱ ከዛፉ እስኪወርድ ድረስ የመደቡን ከንፈር መሻገር አለበት፤ ያ ከንፈር ደግሞ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ስለት አለው። ስለዚህ ሳሙላ ድሪቶና የሳጎ ዘንባባ ቅርፊት አነባብሮ ከገመዱ ሥር አንጥፎበታል። ሰው በወረደ ቁጥር ገመዱ ይንቀሳቀሳል፤ ንጣፉ ይንሸራተታል። አንድ ሰው ከላይ ተንበርክኮ ካላስተካከለው ድንጋዩ ገመዱን እንደ ሸንኮራ ይልጠዋል።

መደቡን የሎንቶር ደሴት ሰዎች የወፍ ቤት ይሉታል። ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል፤ በመካከሉ ከአንድ የጀልባ ቤት የማይሰፋ ቦታ። ሆላንዶቹ ሎንቶርን ከያዙ ወዲህ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሰዎች ተደብቀውበታል። አርባ አንድ ሆነው መጥተው ነበር። አሁን ሠላሳ አራት ናቸው። የሚበሉት የወፍ እንቁላል ነው፤ የሚጠጡት ከዐለቱ ስንጥቅ በቅጠል የሚለቀም ጠብታ። በላያቸው ተራራው ላይ የገውዝ ዛፎቻቸው ያሉበት ጫካ ስንት ቀን ነደደ፤ ጭሱ ሲወርድ እንኳ ይሸታል፤ «ርሃባችን ጣፋጭ ሽታ አለው» አሉ አንድ ቀን እማማ ኬሊ፤ ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ጠዋት በቅጠሎቹ ላይ አመድ ዘንቦ ተገኘ። ከባሕሩ ማዶ፣ በሰሜን ያለው እሳት ተራራ አመዱን በዚህ ወቅት ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሰደው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ወፍ ቤት ከላከ የምዕራቡ ነፋስ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ተቃራኒው ነፋስ ከገባ ደግሞ ወደ ኬይ ደሴቶች የሚወስደው ባሕር ለአምስት ወር ይዘጋል። አምስት ወር እዚህ የሚቆይ ሰው አይኖርም።

ባለ ሠላሳ መቅዘፊያዋ ጀልባ፣ ኮራኮራዋ፣ ትናንት ሌሊት ከሥር ያለው ዋሻ ውስጥ ገብታለች። የሚመራት የሳሙላ አማች፣ የሴት ልጁ ባል ማናፋ ነው። የሆላንዶቹ መርከብ በዙሁር ሶላት ሰዓት በፊታቸው አልፋ ወደ ምዕራብ ሄዳለች፤ እንደ ልማዷ ደሴቲቱን ዞራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች። በዚህ መካከል ሠላሳ አራት ሰው መውረድ አለበት።

«ታሰረ?» አለች ልጁ ቦይራታ። ስምንተኛ ወሯ ነው። ፊቷ አጥንት ሆኖ ሆዷ ብቻ ቀርቷል።

«ታሰረ።»

«አንተስ መቼ ነው የምትወርደው?»

«ንጣፉን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጨረሻ።»

«አባ፣ ማል።»

«ምን ብዬ?»

«ሳልወርድ አልቀርም ብለህ። አንተ ሳትመጣ ጀልባዋ ብትንቀሳቀስ ወላሂ ዘልዬ ባሕር እገባለሁ። እናቴን እዚህ ቀበርኩ። አንተን ጥዬ ሄጄ ማን ሊቀበለኝ ነው ልጁን?»

«ባልሽ አለ።»

«ባሌ መቅዘፊያ መያዝ እንጂ ልጅ መያዝ አያውቅም። ማል!»

ማለ። ልጁ እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ሰው እንዳያይ ብላ ቶሎ ለቀቀችው።

በመደቡ ከፍተኛ ጥግ ላይ፣ ምንጣፍ በነበረና አሁን ቅጠል በሆነ ነገር ላይ፣ ኦራንግካያ ሬንጋሎ ተቀምጠዋል። የሰባት መንደር ሹም፣ በአገሩ አጠራር ኦራንግካያ፣ ነበሩ። ሰባቱም መንደሮች ተቃጥለዋል። ዕርቅ ተብለው ወደ ሆላንዶቹ ምሽግ ከተጠሩት ሹማምንት መካከል እሳቸው ብቻ አልሄዱም፤ የሄዱት አልተመለሱም። የሐር ጥምጥማቸውን ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ ይጠመጥማሉ። በወርቅ እጀታ ያጌጠው ክሪስ ጩቤያቸው ከወገባቸው አልወረደም። ከጎናቸው አያታቸው ከድሮ ባሕርተኞች በስጦታ ያገኙት የብረት ቆብ አለ፤ ዝጎ ቀልቷል።

ከእሳቸው በላይ ማንም አይቀመጥም። በሎንቶር ተራ ሰው እግሩን ከባለ ማዕረግ ራስ በላይ አያቆምም። ኦራንግካያ በገውዝ ጫካ ውስጥ ሲያልፉ ለቃሚዎች ከየዛፉ ይወርዳሉ። በምሰሶ ላይ በተሠራው ቤታቸው ወለል ሥር ከቆሙ ወለሉ ላይ የሚራመድ የለም። በወፍ ቤት ደግሞ እንቁላል ፍለጋ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ እሳቸውም ከቦታቸው ተነሥተው ጥግ ይይዛሉ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት።

የኦራንግካያ የወንድም ልጅ ሂታም መጀመሪያ ተናገረ። ወጣት ነው፤ በጀርባው የገውዝ አበባ የሞላ ጆንያ አሥሯል፤ ከጆንያው ተለይቶ አያውቅም።

«እኛ እንቅደም፣ አጎቴ። ቤተሰቡ ይቅደም። መርከቧ ብትመለስ ማን መዳን አለበት? የሹም ዘር ነው መዳን ያለበት።»

«መሰላሉ ላይ ስንት ሰው ይሄዳል በአንድ ጊዜ?» ብለው ሬንጋሎ ጠየቁ፤ ሳሙላን ሳያዩ።

«ሦስት፣ ጌታዬ። ተራርቀው።»

«አየህ» አሉት ሂታምን። «እኔ ከፊት ወርጄ፣ ከበላዬ የዓሣ አጥማጅ ተረከዝ?»

«አጎቴ፣ አሁን እኮ ጊዜው...»

«ዝቅተኛው ከታች ነው ቦታው። ታች ይውረድ። መጀመሪያ እነሱ፣ ከዚያ እናንተ፣ ከዚያ እኔ። ሥርዓቱ ይኸው ነው።»

ተራው ሰው ቀድሞ ሊድን እንደሆነ ሁሉም የተረዳው በአንድ ጊዜ ነበር። ከዚያ እማማ ኬሊ፣ ጥርስ የሌላቸው የቀድሞ ምንጣፍ ሠሪ፣ ልብሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰብስበው ተነሡ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰባ ዓመት ሙሉ ትንሽ ሰው ሆኜ ዛሬ ገና ጠቀመኝ። ሳሙላ ልጄ፣ ያዘኝ፤ ከእኔ በታች ማን አለ? ማንም! እኔ ነኝ የመጀመሪያዋ!»

የተሳቀው ያኔ ነው። ሬንጋሎም ሲስቁ ያየ አለ፤ ሳሙላ ግን አላየም።

መውረዱ ተጀመረ። ገደሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ስለሰጠ ከቀትር ወዲህ ጥላ ነው፤ ከሩቅ ሰው አይለይበትም። ሳሙላ በከንፈሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ አንድ እጁን ከገመዱ ሥር ይዟል፤ በአፉ ይመራል። «ግራ እግር። አሁን ቀኝ። ድንጋዩን ተይው፣ ገመዱን ብቻ። ቀዩ ጋ ደረስሽ፤ አትንኪው።» ወፎቹ በየስንጥቁ ጎጇቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን እያዞሩ ሰዎቹን ያያሉ፤ ሁለት ወር አብረው ስለኖሩ ለምደዋቸዋል። ኩሳቸው እርከኖቹን አዳላጭ አድርጓቸዋል። ከሥር ማዕበሉ ሦስት ጊዜ በኃይል ይመታና ያርፋል፤ በዕረፍቱ ማናፋ ጀልባዋን ከዋሻው አፍ ወጣ ያደርጋታል፤ ቀዛፊዎቹ የወረደውን ሰው በብብቱ ይዘው ይጎትቱታል፤ ጀልባዋ ተመልሳ ትገባለች።

እማማ ኬሊ ወረዱ። ከታች ስድብ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ደርሰዋል ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ወረዱ። አንዲት እናት ጡት የሚጠባ ልጇን ጀርባዋ ላይ አሥራ ወረደች፤ ልጁ ቁልቁል እያየ ይስቅ ነበር።

የቦይራታ ተራ ሲደርስ ሳሙላ እሷ ብቻ እንድትሄድ አደረገ። ሆዷ ከመሰላሉ ጋር ስለሚጋጭ በጎን ነበር የምትወርደው፤ አንድ እርከን፣ ዕረፍት፣ አንድ እርከን። በጎን ለሚወርድ ሰው ግራና ቀኝ ማለት አይሆንም። ስለዚህ ቆጠረ። መቶ ሃያውንም ጮክ ብሎ ቆጠረላት፤ እሷም በቁጥሩ ልክ ወረደች። መቶ ሃያ ሲል ከሥር የማናፋ ፉጨት መጣ። ሳሙላ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ንጣፉን አስተካከለ።

ተራው የሹም ቤተሰብ ሆነ። ሁለት ሴቶች በሰላም ወረዱ። ሦስተኛው፣ አንድ ሽማግሌ፣ መሰላሉ ላይ ገና እሩብ ሳይሄድ ሂታም ከኋላው ተንጠለጠለ።

«ቆይ! ሰውየው ቀዩን ይለፍ!»

«መርከብ እስኪመጣ ልቁም? አንተ አመድ ጠራጊ፣ ደግሞ ልታዘኝ?»

«ጆንያውን ጣለው፣ ጌታው። ይይዝሃል።»

«ኬይ ስንደርስ ምን ሸጠን ልንበላ ነው? ያንተን ገመድ?»

ጆንያው ያዘው። ሁለተኛው ቀይ ጋ ሲደርስ የጆንያው ማሠሪያ በድንጋይ ጥርስ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሂታም ሊያላቅቀው አንድ እጁን ለቀቀና በእግሩ ቀዩን ረገጠ። ቀዩ እንዳለ ተናደ። ሂታም አልጮኸም፤ «ኧረ» አለ ብቻ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው። ከዚያ ድንጋዩ፣ ሰውየውና ጆንያው አብረው ሄዱ። ጆንያው በአየር ላይ ተቀደደና የገውዝ አበባው እንደ ቀይ ገለባ ተበተነ።

ወፎቹ ተነሡ። የገደሉ ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ጅራተ ረጅሙም፤ እንደ ደመና ከመደቡ በላይ ወጥቶ እየጮኸ መዞር ጀመረ። ሳሙላ አንገቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ወደ ባሕር በገባው ዝቅተኛ የደሴቲቱ አፍንጫ ላይ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ የመርከቧ ሁለት ምሰሶ ጫፎች ይታያሉ። እየራቁ ነበር። ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ።

ከወፍ ቤት የተነሣውን ደመና ከሩቅ ያየ መርከበኛ ምክንያቱን ለማወቅ ነቢይ መሆን አይጠበቅበትም።

ሽማግሌው ምንም ሳይሆን ወርዷል። ከእሱ በኋላ የቀሩትን አራት ሰዎች ሳሙላ አንድ በአንድ አወረደ። የገመዱ አንዱ ክር በናዳው ጊዜ ተበጥሷል፤ ከዚህ በኋላ መሰላሉ ሁለት ሰው አይችልም። ሁሉም ሲያልቅ ቀና አለ። መደቡ ላይ የቀሩት እሱና ኦራንግካያ ሬንጋሎ ብቻ ናቸው።

ሬንጋሎ ቆመዋል። ለወንድማቸው ልጅ ከንፈራቸው ዱዓ ሲያደርግ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ተራው የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያንተ ነው።»

«ጌታዬ፣ ገመዱ በዚህ ከንፈር ላይ ነው የሚላጠው። ሰው ካልጠበቀው...»

«አውቃለሁ። ስታደርገው ዋልክ፤ አየሁ።»

«እንግዲያስ እኔ መጨረሻ ነኝ።»

«አንተ ከላይ ሆነህ እኔ ከሥርህ?» ሬንጋሎ ድምፃቸውን አላነሡም። «በሕይወቴ አልሆነም። አሁንም አይሆንም።»

«ማን ያያል፣ ጌታዬ? እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

«እኔ አያለሁ።»

ሳሙላ ወደ ምዕራብ አየ። ምሰሶዎቹ ወደ አፍንጫው ጫፍ እየመጡ ነው። ከሥር የማናፋ ፉጨት ሁለት ጊዜ ተደጋገመ። አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከዚሁ ገደል ላይ እንቁላል ሲለቅም የሬንጋሎ ጀልባ ከሥሩ አለፈች። አላያትም። ማታ ጠሩት። አሥራ ሁለት ሸንበቆ ገረፉት፤ የቆጠሩት ራሳቸው ሬንጋሎ ናቸው፤ በመካከል አንዱን ዘለው ስለነበር አሥራ ሦስት ሆነ። ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ብቻ ጀርባውን ስታሽ ቆጥራ ደርሳበታለች።

«ለሥርዓት ሲባል ሊሞቱ ነው?»

«ይህን ሥርዓት የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ሠላሳ ሰው ዛሬ በምን ተራ ወረደ? ማንም ሳይገፋፋ፣ ማንም ሳይረግጥ? አንዱ ተራውን ጣሰ፤ የት እንዳለ አይተሃል።» በእጃቸው ወደ ገመዱ አመለከቱ። «ውረድ። ልጅህ እየጠበቀችህ ነው።»

«ንጣፉስ?»

«አሳየኝ።»

ሳሙላ መጀመሪያ አልገባውም። ሬንጋሎ ክሪሳቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አሳያቸው፤ እጅን ከገመዱ ሥር፣ ድሪቶውን ወደ ራስ ሳብ፣ ገመዱ ሲላላ ብቻ። ቀለበት የሞላባቸው ያረጁ ጣቶች አንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሁለተኛውን ጊዜ በትክክል ሠሩት።

«አንተ ስትወርድ እይዘዋለሁ። ከዚያ እኔ እወርዳለሁ። ገመዱ አንድ ሰው ሳይጠበቅ ያወርድ እንደሆን አንተ ታውቃለህ።»

«አንድ ሰው ሊያወርድ ይችላል» አለ ሳሙላ። «ቶሎ ከወረዱ። ቀስ ካሉ አላውቅም።»

«ቶሎ እወርዳለሁ።»

ሳሙላ ወረደ። በሕይወቱ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ገመዱን ሲጠብቅለት። እያንዳንዱ እርከን ላይ ሲደርስ ከላይ ድሪቶው ሲሳብ በገመዱ ውስጥ ይሰማዋል፤ በትክክለኛው ሰዓት፣ ገመዱ ሲላላ ብቻ። ያደረገለት የለም፤ የገዛ አባቱ እንኳ እንዲህ አልጠበቀለትም። ሁለተኛውን ቀይ ሲያልፍ በአዲሱ ናዳ ጠባሳ ላይ አንድ የጨርቅ ቁራጭ ተንጠልጥሎ አየ። ዐይኑን ከእሱ አነሣ።

ማናፋ በብብቱ ይዞ ጎተተው። ጀልባዋ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተጭኗል፤ ቦይራታ ከሕዝቡ መካከል እጇን ዘርግታ የሸሚዙን ጫፍ ያዘች፤ አልለቀቀችውም።

«ጌታው የት አሉ?» አለ ማናፋ።

«እየወረዱ ነው።»

ሁሉም ቀና አሉ። ከላይ፣ ከመደቡ ከንፈር ላይ፣ ሬንጋሎ መውረድ አልጀመሩም። ቆመው ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ነበር። ከዚያ ያንን የዛገ የብረት ቆብ በጥምጥሙ ላይ አጠለቁ።

«ያ አላህ» አሉ እማማ ኬሊ፤ «ሰርግ ሊሄዱ ነው!»

ጀመሩ። የመጀመሪያውን እርከን ፈልጎ ለማግኘት እግራቸው ረጅም ጊዜ በአየር ላይ ቆየ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በየእርከኑ ሁለቱንም እግር ያሳርፋሉ፤ እጃቸውን አንድ በአንድ ያወርዳሉ፤ ያርፋሉ። ሳሙላ ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። አሥር። አሥራ አንድ። ማዕበሉ ሦስቴ መታ፤ ዐረፈ። ቀዛፊዎቹ ጀልባዋን ይዘው ጠበቁ። ሃያ። ሠላሳ።

«ምሰሶው!» አለ አንዱ ቀዛፊ።

ከዋሻው አፍ በኩል የምዕራቡ አፍንጫ ይታያል። ከዛፎቹ በላይ የምሰሶዎቹ ጫፎች ወደ ዐለቱ ጫፍ እየቀረቡ ነው። ዐለቱን ከዞረች ጀልባዋን ታያለች፤ መድፏም ይደርሳል።

አርባ።

ማናፋ ወደ ሳሙላ ዞረ። ፊቱ ላይ ላብ ነው። «አባባ፣ ገመዱን የሚያውቀው አንተ ነህ። ሰውየውንም አይተሃል። መርከቧ ሳትዞር ይደርሳሉ?»

አንዲት የሹም ቤት ሴት ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ሳሙላ ቀና ብሎ አየ። ሬንጋሎ ሃምሳኛው እርከን ላይ ናቸው፤ ሰባ ይቀራል። ቆመው ያርፋሉ። ገመዱ ከላይ ከንፈሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፤ ንጣፉ ምናልባት ተንሸራቷል፤ ምናልባት አልተንሸራተተም። የልጁ እጅ በሸሚዙ ጫፍ ላይ ተጨምድዷል።

«አይደርሱም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደርሱም አልኩህ።»

ማናፋ መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ጨመረ። «ቢስሚላህ» አለ፤ ሠላሳው መቅዘፊያ በአንድ ላይ ወረደ። ጀልባዋ ከዋሻው ወጥታ በገደሉ ጥላ ሥር ተጠግታ ወደ ምሥራቅ ታጠፈች።

ሳሙላ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጦ ነበር፤ ስለዚህ ያየው እሱ ነው። ሬንጋሎ የመቅዘፊያውን ድምፅ ሰምተው ቁልቁል አዩ። አልጮኹም። እጃቸውን አላነሡም። ጀልባዋን አዩ፤ ረጅም ጊዜ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በሩ ላይ መንገደኛ ሲያልፍ እንደሚያየው ያህል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ መልሰው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።

ሳሙላ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሽማግሌው አላረፉም። እጅ፣ እግር፣ እጅ፣ እግር፤ ቀለል ባለ እርምጃ፣ በቤታቸው ደረጃ ላይ እንደሚወጡ ሁሉ። ሃያ። ሠላሳ። ገመዱ ያዘ። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ እንኳ አልመታም፤ አርባ ሆነ።

«አባ፣ ምንድን ነው የምትቆጥረው?» አለች ቦይራታ።

«ምንም።»

ሃምሳ። ያ የዛገ ቆብ ከከንፈሩ በላይ ወጣ፤ ትከሻውም፤ ከዚያ ሰውየው በሙሉ መደቡ ላይ ቆመ። ሳሙላ፣ በዚሁ ፍጥነት ወርደው ቢሆን ኖሮ ብሎ፣ የቀሩትን ሰባውን ጨመረበት፤ ከዚያ መጨመሩን ተወው። መውረድና መውጣት አንድ አይደለም፤ ሲወጡ እግር ያያል፤ ሲወርዱ ዕውር ነው፤ ይህን የማያውቅ የገደል ሰው የለም። ለራሱ እንዲህ አለ፤ ደግሞም እውነት ነበር።

ማናፋ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ እየቀዘፈ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«የት ደረሱ?»

«ላይ። መደቡ ላይ ናቸው።»

«ገና ከአሁኑ?»

ሳሙላ ሸሚዙን የያዘውን የልጁን እጅ በእጁ ሸፈነ።

«መርከቧስ? ዞረች?»

ሳሙላ የምዕራቡን አፍንጫ አየ። ዐለቱ ባዶ ነው። ከሥሩ ነጭ አረፋ ይወጣል ይወርዳል፤ ከጀርባው ምሰሶዎቹ እዚያው ዛፎቹ ላይ ናቸው።

«ገና ነው» አለ።

የማናፋ መቅዘፊያ ለአንድ ምት አየር ላይ ቆመ። ከኋላው የነበሩትም ሁሉ እሱን ተከትለው ቆሙ፤ ጀልባዋ በራሷ ፍጥነት ትንሽ ተንሸራተተች፤ ከመቅዘፊያዎቹ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማ ነበር። ማንም ሳሙላን አላየውም። ከዚያ ማናፋ መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ አወረደና ወደ ምሥራቅ ቀዘፈ።